27017 ቁጥር በር

መሪጌታ የደወሉልኝ የካቲት 2015 ላይ ነው። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከተገደቡ ሳምንት እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብያለሁ።

«ልጄ፣ መዝገቡ ባዶ ሆነብን» አሉኝ።

የልጅ ልጃቸው ከጎን ሆና «ቪፒኤኑ ይሆናላ!» ስትል ይሰማኛል። እኔም አመንኳት። በዚያ ሰሞን ያልሠራ ነገር ሁሉ የሚሳበበው በቪፒኤን ነበር። «ነገ ይስተካከላል መሪጌታ፣ አያስቡ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ሰርቨሩን ስከፍት ዳታቤዙ ውስጥ የእኛ ነገር አንድም የለም። በቦታው አንድ የማላውቀው ዳታቤዝ፣ ውስጡ ደግሞ አንዲት መልእክት ብቻ፦ ዳታህ እኛ ጋ ነው፣ ከፈለግከው በዚህ አድራሻ ቢትኮይን ላክ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰዎቹ የማን መዝገብ እንደሰረዙ ምንም አያውቁም። ለነገሩ ሰዎችም አልነበሩም፤ ስክሪፕት ነው።

መዝገቡ የሰፈራችን የእድር መዝገብ ነው። አዲስ ዘመን፣ ጣራ ገዳም ሥር፣ መቶ አርባ ምናምን ቤት፣ በየወሩ 50 ብር። ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ፣ ድንኳኑ የት ነው፣ ስንት ሳህን ተሰበረ። መሪጌታ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በባለ መስመር ደብተር ሲጽፉ ኖረዋል። መስከረም 2015 ላይ እኔ መጣሁና «ይሄማ በሲስተም ነው መሆን ያለበት» አልኩ። ምህንድስና ጨርሶ ሥራ የያዘ የሰፈር ልጅ እንዲህ ሲል ማን እምቢ ይላል? የልጅ ልጃቸው በስልኳ እየመዘገበች እንድታግዛቸው ተስማማን። ደብተሩ ቆመ። የምትቀደደዋ ትንሽ ደረሰኝም ቀረች፤ እሷን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ የወረቀት ብክነት መስላኝ።

የነገሩን አመጣጥ ለማስረዳት ስለ በር ቁጥሮች ትንሽ ማውራት አለብኝ።

ሰርቨርን እንደ አንድ ግቢ አስቡት። አይፒ አድራሻው ግቢው የት እንዳለ ይነግራችኋል። ግቢው ውስጥ ግን ብዙ ሥራ አለ፤ አንዱ ክፍል ድረ ገጽ ያስተናግዳል፣ ሌላው ኢሜይል ይቀበላል፣ ሌላው ዳታ ያስቀምጣል። መጪው ወደየትኛው እንደሚፈልግ የሚያሳውቀው በፖርት ቁጥር ነው። ቁጥሩ 16 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 65,535 ይደርሳል። ፖርትን «ወደብ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ወደብ የሌላት ሀገር ልጅ ሆኜ፣ ጓደኛዬ ውጭ ሀገር ሆኖ በካርዱ በሚከፍልልኝ የ5 ዶላር ሰርቨር ላይ 65,535 ወደብ አለኝ ማለት ትንሽ ያስቀኛል። እኔ በር ብል ይሻለኛል።

ከእነዚህ ውስጥ እስከ 1023 ያሉት የታወቁ ይባላሉ። ድረ ገጽ 80 ላይ፣ የተመሰጠረው ድረ ገጽ 443 ላይ፣ የኢሜይል መላኪያው 25፣ የስም መጠየቂያው ዲኤንኤስ 53፣ ሰርቨርን ከሩቅ የምናዝበት ኤስኤስኤች 22። ከዚያ በላይ ደግሞ ተመዝግበው የተያዙ አሉ፤ ማይኤስኪውኤል 3306፣ ፖስትግሬስ 5432፣ እኔ የተጠቀምኩት ሞንጎዲቢ 27017። ብራውዘራችሁ ላይ አድራሻ ስትጽፉ የበር ቁጥር የማትጽፉት ለዚህ ነው፤ ካልነገራችሁት 443 ወይም 80 ብሎ ራሱ ይሄዳል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር መጀመሪያ የተጣላሁት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሆኜ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በማግስቱ የሚገባ ፕሮጀክት ይዤ ጊት ፑሽ ስል ስክሪኑ ዝም አለ። እንቢም አይል፣ እሺም አይል። ከስንት ደቂቃ በኋላ «ጊዜው አልፏል» አለኝ። የካምፓሱ ኔትወርክ ከ80ና ከ443 ውጭ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር ሁሉ ዘግቶት ነበር፤ ጊት ደግሞ በእኔ አደራረግ በ22 ነበር የሚወጣው።

የእኛ ሀገር ሰው ይህን ዝምታ ለመረዳት ኔትወርክ መማር አያስፈልገውም። ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲቆም «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አንዱ ቤት ቁራሽ ይዞ ይወጣል፤ ይህ ክፍት ፖርት ነው። ሌላው ቤት ከውስጥ ሆኖ «እግዜር ይስጥህ» ይላል፤ የለንም፣ እለፍ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም ወዲያው «ተከልክሏል» ብሎ ይመልሳል፣ ልጁም ጊዜውን ሳያባክን ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። ሦስተኛው ቤት ግን ድምፁን ያጠፋል። ልጁ ይቆማል፣ ይደግማል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ፋየርዎል ጥያቄውን መልስ ሳይሰጥ ሲጥለው የሚሆነው ይህ ነው። ያን ሌሊት እኔ ሦስተኛው ቤት ደጅ ላይ የቆምኩ ተማሪ ነበርኩ።

መውጫውን ያገኘሁት ስፈልግ አድሬ ነው። ጊትሃብ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ኤስኤስኤችን በ443 የሚቀበልበት ሌላ አድራሻ አዘጋጅቷል። ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ፑሽ አደረግኩ፣ ሄደ። የካምፓሱ ዘበኛ የሚያየው የበሩን ቁጥር ብቻ ስለነበር በድረ ገጽ በር የወጣውን ሌላ ሰው አልለየውም። በማግስቱ ዶርም ውስጥ ጀግና ነበርኩ። ያን ቀን የያዝኩት እምነት ግን ለብዙ ጊዜ አሳስቶኛል፤ የበር ቁጥር ተራ ወግ ነው፣ ማንም የማይጠነቀቅለት ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወግ መሆኑስ ወግ ነው፤ ወግነቱን ግን ንቄው ነበር። ታሪኩን ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1972 ጆን ፖስተል የሚባል የኔትወርክ ተመራማሪ አጭር ሰነድ ጽፎ፣ ቁጥሮቹን የሚያድል አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ ምናልባት እኔ ልሁን ወይ? የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሆነም። እስከሞተበት እስከ 1998 ድረስ የኢንተርኔት ቁጥሮች መዝገብ በእሱና በጥቂት ባልደረቦቹ እጅ ነበር። ሌላው ቀርቶ 21፣ 23፣ 25 ለምን ጎዶሎ ቁጥር ሆኑ ብትሉ፣ ድሮ የነበረው ፕሮቶኮል ለመሄጃና ለመምጫ ሁለት ቁጥር ይወስድ ስለነበር ነው፤ ፕሮቶኮሉ ቀረ፣ ልማዱ ቀረልን።

የ22 ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሄልሲንኪ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል ሰራቂ ገብቶ ነበር። እዚያው የነበረው ታቱ ኢሎነን ኤስኤስኤችን ጻፈ። ሊተካቸው ያሰባቸው ሁለቱ፣ ኤፍቲፒ 21 ላይ፣ ቴልኔት 23 ላይ ተቀምጠዋል፤ መሃል ላይ 22 ባዶ ነው። ሐምሌ ላይ ኢሜይል ጽፎ ጠየቀ። በማግስቱ ከጆይስ ሬይኖልድስ መልስ መጣለት፤ 22 ያንተ ነው። በቃ። ማመልከቻ የለ፣ ኮሚቴ የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ። እኔ አንድ ማኅተም ለማስመታት ሦስት ቢሮ ስመላለስ ያቺ ኢሜይል ትዝ ትለኛለች።

ያ መዝገብ የተዘጋጀው እርስ በርስ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። በሩ የት እንዳለ ሁሉም እንዲያውቅ የተፈለገው እንግዳ እንዳይጠፋበት ነው። ያን ያህል እንግዳ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ጥር 2015 ላይ አንድ ምሽት የእድሩን ዳታ ከላፕቶፔ ሆኜ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ሞንጎዲቢው በዶከር ውስጥ ነው የሚሠራው። ማዘዣው ላይ «27017ን በ27017 ክፈት» የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩ። ነገ አነሳታለሁ ብዬ። ሰርቨሩ ላይ ፋየርዎል ነበረኝ፤ ከ22፣ ከ80ና ከ443 በስተቀር ሁሉ ዝግ ነው ብዬ ተማምኜ ነበር። ዴቨሎፐሮች እዚህ ጋ እንደሚያቃስቱ አውቃለሁ። ዶከር በር ሲከፍት ደንቡን በቀጥታ ከርነሉ ውስጥ ስለሚጽፍ፣ እኔ የምተማመንበት ፋየርዎል አያየውም። ፋየርዎሉን ስጠይቀው «ዝግ ነው» ይለኛል፣ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዶከሩ ሞንጎ ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር የይለፍ ቃል አይጠይቅም። አልነገርኩትም።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዚማፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጥሩ መስመር ያለው አንድ ኮምፒውተር የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻ በሙሉ አንድ በር ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያንኳኳል። አራት ቢሊዮን ደጅ። እንዲህ ያለው ቆሎ ተማሪ (ቆሎ ተማሪዎች ይቅር ይበሉኝ) 27017 ላይ ያለ ይለፍ ቃል የተከፈተ ቤት ሲያገኝ ገብቶ ጠራርጎ ወረቀት ትቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞንጎዎች በዚህ መንገድ ተጠርገዋል። ያን ዜና ተማሪ ሆኜ አንብቤ «እንዴት ያሉ ሞኞች ናቸው» ማለቴን አስታውሳለሁ።

ቢትኮይኑን አልከፈልኩም። የለኝም ነበር፤ ቢኖረኝም እንዲህ ያሉት ስክሪፕቶች ብዙ ጊዜ ዳታውን ሳያስቀምጡ እንዲሁ እንደሚሰርዙት ይታወቃል። የነበረኝ ቅጂ የጥቅምት ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር የሉም።

ሦስት ወር። በእድሩ ደንብ ደግሞ ሦስት ወር ያልከፈለ ቤት ሐዘን ቢደርስበት እድሩ አይደርስለትም።

በአምስተኛው ቀን ከእኛ ቤት ሦስተኛ አጥር ላይ ያሉ አባት አረፉ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ በስልክ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ከመውጣቱ በፊት ተሰበሰቡ። አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሥራቸው ሆኖባቸው ነው፣ «ለመሆኑ እስከ ጥር ከፍለው ነበር?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ደብተሩን ከፈቱ፤ ነሐሴ 2014 ላይ ይቆማል። ደረሰኝ የለም። በመጨረሻ ወደ ባለቤታቸው ሰው ተላከ። ባሏ ገና ከቤት ሳይወጣ «ከፍሏል፣ ራሱ ነው ይዞ የሄደው» ብላ መለሰች። አመኗት። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ገንዘቡ ተሰጠ፣ ምንም የጎደለ የለም። ግን ያ ጥያቄ እዚያ ደጅ ደርሷል። በሕይወቷ ለእድር አንድ ወር አሳድራ የማታውቅ ሴት ናት።

«እንዳትደውልላት» አለችኝ እናቴ። «ምን ልትላት ነው?»

በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ሄድኩ። ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ ወረታን አልፌ አዲስ ዘመን። ጾም ገብቷል። መሪጌታ በረንዳቸው ላይ ሽምብራ ቆሎ አቀረቡልኝ። ከእሳቸው በረንዳ ጣራ ገዳም ፊት ለፊት ይታያል፤ ዙሪያው ያለው ኮረብታ ሁሉ ታርሶ ገርጥቶ፣ የገዳሙ ደን ብቻ ወይራውን ይዞ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል። ልጅ ሆኜ ለምን እዚያ ብቻ ዛፍ እንደቀረ አልጠየቅኩም ነበር። አጥር የለውም፤ ቢያንስ እኔ በማውቀው በኩል አልነበረውም። የማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንዴት አድርጎ ነው በሩን ያገኘው?» አሉኝ። የሌባው ነገር ሳይሆን የበሩ ነገር ነው የገረማቸው።

«በሩማ የታወቀ ነው መሪጌታ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቁጥር አለ። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።»

ቆሎውን እያነሱ ትንሽ አሰቡ። «ድጓ የሚያስመሰክር ቤተልሔም ይወርዳል» አሉ። «ዝማሬ መዋሥዕት ያለ ዙር አባ። አቋቋም ጎንደር፣ ቅኔ ዋሸራ ወይ ጎንጅ። እኔ ዙር አባ ስሄድ ልጅ ነበርኩ፣ መንገዱን የነገረኝ እንጂ ዙር አባ መሆኑን የነገረኝ የለም። ይሄንን እያልከኝ ነው?»

በትክክል ይህንን ነበር። ቤተልሔምም ዙር አባም እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ነው ያሉት። ስለ ታወቁ ፖርቶች ካነበብኩት ሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ነው፣ አሁንም አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች የምነግራቸው እሱን ነው።

«ታዲያ» አሉ፣ «ዙር አባ የደረሰ ሁሉ ገብቶ ከጉባኤው ይቀመጣል እንዴ? መምህሩ ሳይጠይቁት? የመጣበትን ሳያውቁ?»

«አይቀመጥም።»

«ያንተ መምህር የት ሄዶ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ቆሎ ቆረጠምኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ከእሳቸው ጋር ቤት ለቤት ዞርን። እየገባን ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን ከፍላችኋል? እንላለን። በሐሳቤ ሁሉም «ከፍያለሁ» ይላል ብዬ ነበር፤ ማን ያጣራል? አሥራ አንድ ቤት «ጥርን አልከፈልኩም» አሉን፤ አንዱ እዚያው አውጥተው ሰጡ። ሦስተኛው አጥር ጋ ስንደርስ መሪጌታ ብቻቸውን ገቡ። እኔ ደጅ ቆምኩ። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው ያኔ ነው የገባኝ። እሷ ወጥታ «ግባ እንጂ ምን ትቆማለህ» አለችኝ። ስለ መዝገቡ አንድም ቃል አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ አሁንም አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጥገናው አሰልቺ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ሞንጎው አሁን 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ማለትም ከግቢው ውስጥ ካልሆነ በቀር አይሰማም። ማየት ስፈልግ በኤስኤስኤች ቦይ ውስጥ አልፌ ነው፣ ኤስኤስኤቹም በቁልፍ እንጂ በይለፍ ቃል አይከፈትም። በየሌሊቱ ቅጂ ይወጣል። ደረሰኙ ተመልሷል። አንድ ጓደኛዬ «27017ን ትተህ ሌላ ቁጥር ስጠው» ብሎኝ ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይመክራል። ጫጫታው ይቀንስ ይሆናል። የቤቱን በር ወደ ጓሮ አዙሮ ቁልፍ ሳይገዙለት መተኛት ግን እኔን ከእንግዲህ አያስተኛኝም። ቁጥሩ እዚያው ነው።

ዶርም ውስጥ የያዝኩት ሌላኛው እምነትም ሳይፈርስ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2012 ላይ የቶር ፕሮጀክት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር ድንገት መሥራት እንዳቆመ አስተውለው መርምረዋል። ቶር ትራፊኩን ተራ የተመሰጠረ ድረ ገጽ እንዲመስል አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ እኔ ያን ሌሊት እንዳደረግኩት ማለት ነው። ያገኙት ግን ማጣሪያው የበሩን ቁጥር እንዳላየ፣ ሰላምታውን እንዳየ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ምስጢር ከመጀመራቸው በፊት የሚለዋወጡት የመጀመሪያ ሰላምታ በግልጽ ያልፋል፤ የቶር ሰላምታ ደግሞ የራሱ አነጋገር ነበረው። ዘበኛው በየትኛው በር ወጣህ አላለም፤ አነጋገርህ ከየት ነው አለ። የካምፓሴ ዘበኛ ሰነፍ ስለነበር እንጂ እኔ ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም ያለፍኩት።

ከዚያ ሐምሌ 2015 አለቀ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ይህ ሌላ ነገር ነው። በሩ አልተዘጋም፣ ዘበኛም አልቆመበትም፤ ወደ ግቢው የሚወስደው መንገድ ነው የተነሳው። 22 ብትል 443 ብትል ልዩነት የለውም። ሰርቨሬ ጀርመን ሀገር ባለ አንድ ማሽን ላይ እንደ ልማዱ በርቷል፣ ምንም አልጎደለውም። አዲስ ዘመን ላይ መሪጌታ ደብተሩን ጳጉሜን ሳትመጣ እንደገና ከፈቱት። ስልክ በሚሠራበት ቀን ደውዬ ደብተሩ እንዴት ነው ስላቸው «አለ» ይሉኛል፣ ወዲያው ስለ እናቴ ጤና ያወራሉ።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ የሰርቨሩን ሎግ እየከፈትኩ አነብ ነበር። በየጥቂት ሰከንዱ ከዓለም ዙሪያ አንድ ሰው፣ ሰው እንኳ አይደለም፣ 22 ላይ ይቆማል። «ሩት» ይላል። «አድሚን» ይላል። «ቴስት»፣ «ኡቡንቱ»፣ «ፖስትግሬስ»። ይመለሳል። በቀን በሺዎች። 443 ላይም እንዲሁ፣ የማላውቃቸው ቦቶች የሌለ ገጽ ይጠይቃሉ። የእድሩን መግቢያ ገጽ የከፈተ ካለ ብዬ በየቀኑ እፈልጋለሁ። የመጨረሻዋ የሐምሌ ናት፤ ከመሪጌታ የልጅ ልጅ ስልክ፣ የአንድ ቤት 50 ብር። ከእሷ በታች ያለው ሁሉ እንግዳ ነው።